ከአንድ ቆሮሶ ዓሣ አንድ ሙሉ ዘገባ፦ የመልቲሚዲያ አሠራር ለጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ከሐዋሳ አሞራ ገደል

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ 43 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጬ ወደ ዶርም ተመለስኩ። ኢርፎን ሰክቼ ስከፍተው ከዳር እስከ ዳር ንፋስ ነው። ዓሣ አጥማጁ አፉን ይከፍታል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ የሚሰማው ግን ‹ፍፍፍፍ› ብቻ። ምስሉ ለጉድ ያምራል፤ ዘገባ ግን አይወጣውም። በማግስቱ ቪዲዮውን ትቼ የስልኬን ድምፅ መቅጃ ብቻ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። የመጀመሪያው የሚደመጥ ሥራዬ የተወለደው ያን ቀን ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ራሴ የምሠራበትን፣ ታናናሾቼንም ይዤ እየወጣሁ የማሳያቸውን አካሄድ ነው። ውድ ካሜራ አይፈልግም። ማለዳ መነሳት ግን ግድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። መልቲሚዲያ ሲባል ብዙዎቻችን ያንኑ ወሬ በጽሑፍ፣ በፎቶና በቪዲዮ መደጋገም ይመስለናል። እንዲያ ሲሆን ተመልካቹ አንዱን አይቶ ሌላውን ይዘለዋል፤ አይፈረድበትም። ሥራው ማከፋፈል ነው። ዓሣ የምትገነጣጥል ሴት ሥጋውን ለጥብስ፣ ጭንቅላቱን ለሾርባ፣ ትርፍራፊውን አባ ኮዳ ለሚባለው ወፍ እንደምትለየው፣ እናንተም ታሪኩን ገነጣጥላችሁ እያንዳንዱን ብልት ለሚሆንለት ትሰጣላችሁ።

1. ከቦታ በፊት ጥያቄ ያዙ

«ስለ ዓሣ ገበያው እሠራለሁ» ብሎ የወጣ ተማሪ ሁሉንም ቀርጾ ምንም ሳይዝ ይመለሳል። ቦታ ታሪክ አይደለም። በአንድ ጠዋት ተከትላችሁት መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ያስፈልጋችኋል። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው ይህን ነው፦ ሌሊት ከሐይቁ የወጣ አንድ ቆሮሶ ሳህን ላይ እስኪቀርብ በስንት እጅ ያልፋል? በየእጁስ ዋጋው ስንት ይሆናል?

የዚህ ጥያቄ ጥቅሙ መነሻና መድረሻ ያለው መሆኑ ነው። ባለታሪኮቹን ፍለጋ አትዞሩም፤ ዓሣው ራሱ ይዟችሁ ይሄዳል፦ ከአጥማጁ ወደ ተረካቢው፣ ከተረካቢው ቅርፊቱን ወደሚያራግፈው ልጅ፣ ከዚያ ወደ ሾርባ ቤቷ።

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ካሜራ ሂዱ። ሾርባ አዝዛችሁ ተቀመጡ። ጀልባዎቹ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ የቱ ጥግ ጄኔሬተር እንዳለበት፣ የቱ ጋ ጸጥታ እንዳለ አስተውሉ። ይህን የዘለለ ሰው ሁለተኛውን ቀን ሲሯሯጥ ያሳልፈዋል።

2. ወረቀት አጥፋችሁ አከፋፍሉ

አንድ ወረቀት አምስት ቦታ እጠፉ፦ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ካርታና ግራፍ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ያያችሁትን አንድ በአንድ እያነሳችሁ የት እንደሚገባ ወስኑ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን ከሌላው አስበልጦ የሚናገረው የቱ ነው?

ቢላዋ ቅርፊት ሲያራግፍ የሚያሰማው ‹ሸርር ሸርር› ድምፅ ነው። በጽሑፍ ብትሉት ተራ ቃል ነው፤ በጆሮ ሲገባ ግን ሰው ትከሻውን ይሰብቃል። አባ ኮዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ያ ራሰ በራ ግዙፍ ወፍ አይዘምር፣ አይጮህ፤ ቢበዛ ምንቃሩን ያንቀጫቅጫል። ስለዚህ እሱ የፎቶ ነው፤ አንድ ትርፍራፊ ሲወረወር ከአሥር አቅጣጫ ሲንደረደር ከሆነ ደግሞ የቪዲዮ። የልጁ ጣቶች ፍጥነት ቪዲዮ ይሁን። የሌሊቱ ድካም የሠፈረበት የአጥማጁ ፊት ፎቶ ነው፤ ቆም ብሎ መታየት ይገባዋል። በየእጁ የሚጨምረው ዋጋ ግራፍ ይሁን፤ በቃል ብትደረድሩት ማንም አይዘውም።

ለጽሑፍ ምን ቀረ? የማይታየውና የማይሰማው። ለምሳሌ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። በምሥራቅ በኩል ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ አንድም ወንዝ ከሐይቁ ሲወጣ አታዩም። ስለዚህ ከላይ ታጥቦ የወረደ ነገር መሄጃ የለውም። ይህን ምንም ካሜራ አያሳይም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ግን ይበቃዋል። የመረብ ዓይን ጉዳይም እንዲሁ ነው፦ ዓይኑ የጠበበ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ጭምር ይዞ ይወጣል፤ የዛሬው ትንሽ ቆሮሶ የነገው እናት ነበር። ለምን እንደሚጠብ ማብራራት የጽሑፍ ሥራ ነው።

ከአምስቱ ዓምድ አንዱ ባዶ ቢቀር አትደንግጡ። ካርታ የማያስፈልገው ታሪክ ላይ ካርታ መለጠፍ እንጀራ ላይ ዳቦ መደረብ ነው።

3. ስልኩን አዘጋጁ

አጭር ነው። ማታ ሜሞሪውን አራግፉ። በ1080ፒ (በሙሉ ኤችዲ ጥራት) የተቀረጸ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ዓይነት በደቂቃ 100 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ይበላል። ጠዋት ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ግማሹ ‹የስልኬ ካሜራ አይረባም› የሚል ስሞታ የጣት አሻራ ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ በቃለ መጠይቁ መሀል እናታችሁ እንዳይደውሉ። ፓወር ባንክ ያዙ።

አንድ ቅንብር ብቻ ልብ በሉ። ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ምረጡ፤ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) የሚስተካከልበት መተግበሪያ ካላችሁ 1/50 ሰከንድ አድርጉት። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ስለሆነ፣ አምፖል ያለበት ዓሣ ቤት ውስጥ በ30 ፍሬም ስትቀርጹ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል።

4. ድምፅ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ደብዛዛ ምስል ሰው ይታገሣል። የማይሰማ ድምፅ ግን አሥር ሰከንድ አይታገሥም። ስለዚህ ከቪዲዮ በፊት ድምፅ ተማሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ድምፅ ብቻ ቅረጹ ብል ደስ ይለኛል።

ንፋሱን በጀርባችሁ ተቀበሉ። ባለታሪኩን በራሳችሁና በአንድ ግድግዳ ወይም በተገለበጠ ጀልባ መሀል አስቀምጡት። የኢርፎናችሁን ማይክ ደረቱ ላይ፣ ከአገጩ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ፣ ጋቢ ወይም ፎጣ ለብሶ እንደሆነ ጫፉን ሸፈን አድርጉበት። ጨርቁ ንፋሱን ይሰብራል፤ ግን ማይኩን እንዳይፈትገው። የቀን ሙቀት ሲበረታ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ስለሚብስ ቃለ መጠይቁን በጠዋት ጨርሱት።

በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎኸርዝ ቅረጹ፤ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ከሆነ በደቂቃ ወደ 6 ሜጋባይት ነው። የድምፁ መለኪያ ሲናገር ከፍተኛው ጫፍ ከሲቀነስ 12 እስከ ሲቀነስ 6 ዴሲቤል ላይ ይዋል። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኤዲቲንግ አይመለስም።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ዛሬ ጥሩ ያዛችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ኧረ ምንም» ነው፤ አለቀ። ይልቅ «ጋሼ፣ ዛሬ ሌሊት ከቤት ከወጡ ጀምሮ እዚህ እስኪደርሱ ያለውን ይንገሩኝ» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል። ሦስት ሰከንድ ስትጠብቁ፣ ጨረሰ ያላችሁት ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ዋናውን ነገር የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደግሞ የእኛ ጉድ አለ። ሰው ሲያወራን አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «እህ» የምንላት የመስማማት ትንፋሽ በማይክ ላይ ሰው የደነገጠ ያህል ጎልታ ትገባለች። የመጀመሪያ ቅጂዬ ላይ 31 ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ፣ በዓይናችሁ አድምጡ፣ አፋችሁን ዝጉ።

ሰውየው በአማርኛ እየተቸገረ ከሆነ በሚቀናው ቋንቋ ይናገር። በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የሚያወራ አጥማጅ ድምፁ ውስጥ ያለው ቀልድና ምሬት፣ በግድ በአማርኛ ሲሆን ይጠፋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ በኋላም ትርጉሙን ሁለት ሰው ይየው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ደቂቃ የአካባቢ ድምፅ ለብቻው ቅረጹ። ማንም አያውራ፤ ውሃው፣ ቢላዋው፣ ገበያው ብቻ። ያን ጊዜ ከንቱ ይመስላል፤ ኤዲቲንግ ላይ ግን በሁለት ንግግር መሀል ያለውን ስፌት የምትደብቁበት ጨርቅ እሱ ነው።

5. ምስል

ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጠዋት ወደ ውሃው ስታዩ ፀሐይ በጀርባችሁ ናት፤ ፊትም፣ ጀልባም፣ የዓሣው ቅርፊትም ይበራል። ወደ ማታ ይገለበጣል፦ ፀሐይ በሐይቁ ላይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ጥላ ይሆናል። ጥላው ውብ ነው፤ ለመክፈቻ አንድ ይበቃል። ፊት ለሚያስፈልገው ሁሉ ግን ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጠዋት ሥሩ።

አንድን ሥራ ስትቀርጹ አምስት ሾት (አምስት የተለያየ ቀረጻ) ያዙ። ቅርፊት የሚያራግፈው ልጅ ይሁን። በመጀመሪያ እጆቹን በቅርብ፤ ቀጥሎ ፊቱን በቅርብ፤ ከዚያ ልጁን ከነገበያው በሰፊው፤ አራተኛ ከትከሻው ኋላ ሆናችሁ እሱ የሚያየውን፤ አምስተኛ ማንም የማያይበት ቦታ፣ ለምሳሌ ስልኩን መሬት ላይ አስጠግታችሁ አባ ኮዳው በእግሮቹ መሀል እየታየ። እያንዳንዱን አሥር ሰከንድ ያዙ፤ በልባችሁ ቁጠሩ። ካሜራውን አታዙሩት፣ ዙም አታድርጉ፤ መቅረብ ከፈለጋችሁ በእግራችሁ ቅረቡ። ተማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት እንደ ውሃ ማጠጫ ቱቦ ካሜራውን ግራ ቀኝ መርጨት ነው፤ ቆርጣችሁ የምታወጡበት አንድ ጸጥ ያለ ሰከንድ አይተርፍም።

ፊቱን ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ካልሆነ ነጭ ወፍ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይጨልማል። በቁም ይሁን በአግድም የሚለውንም ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፦ ለቲክቶክ ከሆነ በቁም፣ ለዩቲዩብ ከሆነ በአግድም። ሁለቱን መቀላቀል ሁለቱንም ማጣት ነው።

6. ፈቃድና ክብር

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ መታወቂያ ያዙ። ደብዳቤው ለጥበቃው ነው፤ ለአጥማጁ ግን ሰላምታ ይቀድማል። ስማችሁን፣ ምን እንደምትሠሩና የት እንደሚወጣ ንገሩት፤ ፈቃደኝነቱንም መቅጃው ላይ ይናገረው። ልጆች ሲሆኑ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠየቅ፤ ካልተገኘ እጃቸውን ብቻ ቅረጹ፤ እጅ ስም የለውም። ስለተናገረ ገንዘብ አትስጡ፤ ሾርባ አብሮ መጠጣት ግን ነውር የለውም።

ሌላው ቀርቶ የተማሪ ፌስቡክ ገጽም ከሕግ አያመልጥም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን እና ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቧቸው። አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል።

7. ያንኑ ማታ አስቀምጡ

አንድ ጊዜ ሙሉ የሳምንት ሥራዬ ካፌ ውስጥ በተዋስኩት ፍላሽ ጠፍቶብኛል፤ በቫይረስ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። አሁን ሦስት ቦታ አስቀምጣለሁ፦ ስልኬ ላይ፣ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ዋናዎቹን ደግሞ ጎግል ድራይቭ ላይ።

ሰዓቱ ግን ተጠንቀቁበት። ስልኩ ‹20251122_061422› ብሎ የሰየመው ፋይል በእናንተ ማስታወሻ ደብተር ላይ ‹ኅዳር 13 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 12፡14› ነው። ቀኑም ሰዓቱም ይለያል። ደብተራችሁ በአበሻ፣ ፋይሉ በፈረንጅ ከሆነ ከሳምንት በኋላ የቱ ድምፅ ከየቱ ምስል ጋር እንደሚሄድ መለየት ጣጣ ነው። እኔ ቀረጻ ልጀምር ስል ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰውየውን ስም ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ ፋይሉን ‹ቆሮሶ_አጥማጅ_ድምፅ_01› ብዬ እለውጠዋለሁ።

8. ከኤዲቲንግ በፊት በወረቀት

ቃለ መጠይቁን ቃል በቃል ገልብጡ። ያታክታል፤ ግን የምትቆርጡትን የምታገኙት ስትጽፉ ነው። ምርጦቹን ስድስትና ሰባት ንግግሮች አስምሩባቸው፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አልጋችሁ ላይ ደርድሯቸው፣ እያቀያየራችሁ አንብቡ። በሁለት ንግግር መሀል ድልድይ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ የራሳችሁን ትረካ ግቡ። ምስሉ ላይ የሚታየውን አትድገሙ፦ ልጁ ዓሣ ሲያጥብ እየታየ «ልጁ ዓሣ ያጥባል» አይባልም፤ «ከዚህ ተነስቶ ትምህርት ቤት ለመግባት 40 ደቂቃ ቀርቶታል» ይባላል፤ ሰዓቱን ከራሱ ጠይቃችሁ እንደሆነ ነው እንግዲህ።

9. መቁረጥና ጽሑፍ መጻፍ

በስልክ ለመቁረጥ ካፕካት የሚባለው መተግበሪያ ይበቃል፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ካላችሁ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው ቅጂ ከበቂ በላይ ነው። ለድምፅ ኦዳሲቲ። የጄኔሬተር ጉምጉምታ ካስቸገራችሁ ማንም የማይናገርበትን ጥቂት ሰከንድ መርጣችሁ ኖይዝ ፕሮፋይሉን (የጉምጉምታውን ናሙና) አስወስዱት፣ ከዚያ ለሙሉው ቀለል አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ካበዛችሁት ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

አንድ ቀላል ዘዴ፦ የሚቀጥለውን ትዕይንት ድምፅ ከምስሉ አንድ ሰከንድ አስቀድማችሁ አስገቡ። ሐይቁ እየታየ ‹ሸርር› ይጀምር፤ ቢላዋው ቀጥሎ ይምጣ። ተመልካቹ ሳያውቀው ይከተላችኋል። ለመጀመሪያ ሥራ ሁለት ደቂቃ አትለፉ።

የግርጌ ጽሑፍ ላይ አማርኛ የራሱ ፈተና አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን መሀሉ ላይ ስትሰብሩት ተመልካቹ ምን እንደተደረገ ሳያውቅ ይንጠለጠላል። «ሌሊት የጣልነውን መረብ ጠዋት ስንመለስ ባዶውን» የሚል ይወጣል፤ «አገኘነው» የሚለው ቀጣዩ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሰውየው ፊት አልፏል። መፍትሔው ሰንሰለቱን መበጠስ ነው፦ «መረቡን ሌሊት ጣልን።» ቀጥሎ «ጠዋት ባዶ ነበር።» እያንዳንዱ ግሱን ይዞ ይውጣ። ከሁለት መስመር አይብለጥ፤ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንድ ጊዜ አንብባችሁ ካልጨረሳችሁት ቶሎ ጠፍቷል ማለት ነው። ፊደሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቢሆን በትንሽ ስክሪን ላይ ይነበባል፤ ጌጠኛ የላቲን ፎንት ስትመርጡ ግን ፊደላችን ወደ ሳጥን ሊቀየር ይችላል፤ ከመልቀቃችሁ በፊት እዩት።

10. ካርታ፣ የጊዜ መስመር፣ ግራፍ

ኮድ ሳትጽፉ የምትሠሩባቸው ነፃ መሣሪያዎች አሉ። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ናይት ላብ ስቶሪማፕ ጄኤስና ታይምላይን ጄኤስን አውጥቷል። ስቶሪማፕ የቆሮሶውን ጉዞ ነጥብ በነጥብ ከነፎቶው ያሳይላችኋል። ታይምላይን ከጎግል ሺት ነው የሚሠራው፤ ከ20 ስላይድ ባይበልጥ ይመከራል። ቀኑን በፈረንጅ ካልሆነ አይቀበልም፤ ግን ‹ዲስፕሌይ ዴት› የሚባል ዓምድ ስላለው እዚያ ላይ ‹ሰኔ 2012› ብላችሁ በራሳችን አቆጣጠር ማሳየት ትችላላችሁ። ለዋጋው ግራፍ መሥሪያው ዳታራፐር በቂ ነው፦ አራት እጅ፣ አራት ዋጋ፣ አራት ምሰሶ። ዋጋውን በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ጠይቁ፤ የቅዳሜው ዋጋ የማክሰኞው አይደለም፤ ግራፉ ግርጌ ላይም የጠየቃችሁበትን ቀን ጻፉ።

11. መልቀቅ

በደህና ስልክና በዋይፋይ ያማረ ሥራ በሞባይል ዳታ ላይ ላይከፈት ይችላል። በ720ፒ አንድ ቅጂ አውጡና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ልካችሁ፣ ከጓደኞቻችሁ መሀል ርካሹን ስልክ ተውሳችሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ያለ ኢርፎን ክፈቱት። ድምፁ ሳይሰማ ታሪኩ ይገባል? የግርጌው ጽሑፍ ይነበባል? ካልሆነ ተመለሱ።

ከዚያ ወስዳችሁ ለባለታሪኩ አሳዩት። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔም መጀመሪያ ዘልየው ነበር። በሁለተኛው ሥራዬ ግን አጥማጁ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየ፣ ከዚያ አንዱ ፎቶ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሥሩ ‹ወደ ሐይቁ ሲገባ› ብዬ ጽፌበት ነበር። «እየወጣሁ ነው እኮ» አለኝ እየሳቀ፤ «መረቡ እርጥብ መሆኑን አታይም?»

ካፕሽኑን እዚያው ቆሜ በስልኬ አስተካከልኩት።